የቤዝ መስመር ወዴት ይሄዳል? በኮርድ ለውጥና በቅኝት ላይ ስለሚሠራ የቤዝ አጨዋወት

(በቃል ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተገለበጠ። በቅንፍ የተመለከቱት በመድረኩ ላይ በመሣሪያ የተሰሙ ምሳሌዎች ናቸው።)



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። አንድ የኮርድ ቅደም ተከተል ሲሰጠው ቤዝ ተጫዋቹ ከተለመደው የተሻለ፣ ጆሮን የሚይዝ መስመር እንዴት ይሠራል? ጥያቄው የቤዝ ተጫዋቾች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ባንድ ውስጥ የሚሰማው ኮርድ በትክክል ምን እንደሆነ የሚወስነው ከሁሉ በታች ያለው ድምፅ ነው። በሀገራችን ቅኝቶች ላይ ስንጫወት ደግሞ ጉዳዩ ከማማርና አለማማር አልፎ ቅኝቱ ከመኖሩና ከመጥፋቱ ይደርሳል። ወደዚህ ሁለተኛ ነጥብ የምመጣው የመጀመሪያውን በሚገባ ካሳየሁ በኋላ ነው።

አስቀድመን በቃላት እንግባባ። ድምፆችን ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልሁ እጠራለሁ፤ ዶ ስል ቋሚውን ዶ ማለቴ ነው። ግማሽ ድምፅ የምለው በፒያኖ ላይ አጎራባች በሆኑ ሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት ነው። ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ ስል ከኮርዱ መነሻ ድምፅ ጀምሬ እየቆጠርሁ ነው። ሌላው በመንገዳችን ላይ ይገለጻል።

ከፒያኖው ልጀምር። ባልደረባዬ በቀኝ እጁ ዶ፣ ሚ፣ ሶል የተባሉትን ሦስት ቁልፎች ይይዛል፤ እስክነግረው ድረስ ምንም አይለውጥም። እኔ ከሥሩ አራት ልዩ ልዩ ድምፆችን በየተራ አስገባለሁ።

(በፒያኖና በቤዝ ጊታር ይሰማል፤ ከሥር ዶ፣ ቀጥሎ ሚ፣ ቀጥሎ ላ፣ በመጨረሻ ፋ።)

ከሥር ዶ ሲሆን የሰማችሁት የተረጋጋ የዶ ሜጀር ኮርድ ነው። ሚ ሲሆን ኮርዱ ያው ነው፤ ግን መሬት የረገጠ አይመስልም፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ማለት የሚፈልግ ይመስላል። ላ ሲሆን ኮርዱ ራሱ ተለውጦ ላ ማይነር 7 ሆነ። ፋ ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ድምፁ የጎደለው፣ ሰፊና ክፍት የሆነ የፋ ሜጀር 9 ኮርድ ሰማችሁ። የፒያኖ ተጫዋቹ ጣት አልተንቀሳቀሰም። ጆሮ ከሁሉ የታችኛውን ድምፅ መለኪያ አድርጎ የላዩን ድምፅ ሁሉ ከእርሱ አንጻር ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ጣት ታች ላይ ሲንቀሳቀስ የላይኛው ትርጉም በሙሉ ይንቀሳቀሳል።

በቅንፍ አንድ ነገር ልበል። የቤዝ ጊታር የታችኛው ክፍት ክር ሚ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። በዚህ ጥልቀት ተቀራራቢ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ይደፈርሳሉ። ፒያኖ ተጫዋቾች ሆይ፣ ቤዝ ካለበት ግራ እጃችሁን ወደ ታች አታውርዱ፤ የምንሠራውን ማንም አይሰማውም።

አሁን ወደ ኮርድ ለውጥ። በጃዝ እጅግ የተለመደውን የሦስት ኮርድ መንገድ እንውሰድ፤ ሬ ማይነር 7፣ ሶል 7፣ ዶ ሜጀር 7። እያንዳንዱ አራት ምት ያለው አንድ ባር ይቆያል። ጀማሪ ቤዝ ተጫዋች በዚህ ላይ የሚሠራው የታወቀ ነው፤ ሬ፣ ሬ፣ ላ፣ ላ፤ ሶል፣ ሶል፣ ሬ፣ ሬ፤ ከዚያ ዶ። መነሻ ድምፅና አምስተኛ።

(በቤዝ ጊታር ይሰማል።)

በዚህ ውስጥ ስሕተት የለም። ኮርዱ ግልጽ ነው፣ ምቱ ጽኑ ነው፤ ለብዙ ዘፈን ይህ ይበቃል፤ አንዳንዴም ከዚህ በላይ ማድረግ ነውር ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ባር ራሱን የቻለ ደሴት ሆኗል። በሬ ባር ውስጥ ያለው ቤዝ ሶል እንደሚመጣ የሚያውቅ አይመስልም፤ ሶል ሲመጣ ይደርስበታል እንጂ አይሄድለትም።

ብዙ ተማሪዎች ይህ ሲሰለቻቸው የሚወስዱት መፍትሔ ኖታ ማብዛት ነው። ሁለት የነበረውን አራት፣ አራት የነበረውን ስምንት ያደርጋሉ፤ ክር ይመታሉ፣ ያንጣጣሉ። እኔ ይህን መፍትሔ አልቀበለውም። የጎደለው ብዛት አልነበረም፤ አቅጣጫ ነው። ያንኑ አራት ምት፣ በአንድ ምት አንድ ድምፅ ብቻ እየተጠቀምሁ ሌላ መስመር ላሰማችሁ። በሬ ባር፦ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ፋ ሻርፕ። በሶል ባር፦ ሶል፣ ፋ፣ ሬ፣ ሬ ፍላት። ከዚያ ዶ።

(በቤዝ ጊታር ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ ይደገማል።)

ፋ ሻርፕ በሬ ማይነር ኮርድ ውስጥ የለም። እንዲያውም በኮርዱ ውስጥ ካለው ፋ ጋር የሚጋጭ ድምፅ ነው። ሬ ፍላትም በሶል 7 ውስጥ የለም። ታዲያ ጆሯችሁ ለምን አልተቆጣም? ሁለቱም የመጡት በባሩ የመጨረሻ ምት ላይ ነው፤ ሁለቱም ከሚቀጥለው ባር የመጀመሪያ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃሉ። አድማጩ ፋ ሻርፕን የሰማው የሬ አካል አድርጎ ሳይሆን የሶል መልእክተኛ አድርጎ ነው። ይህን ዓይነቱን ድምፅ አድራሽ ድምፅ እለዋለሁ።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል። በዓረፍተ ነገራችን ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አድማጭ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ቦታውንና ጊዜውን ሁሉ ተሸክሞ ማሰሪያውን ይጠብቃል። የባሩ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ምት በዚህ መልክ የሚጠበቀውን የሚያከማቹ ናቸው፤ ማሰሪያው የሚቀጥለው ባር የመጀመሪያ ምት ነው። ስለዚህ መስመር ስትሠሩ ከኋላ ወደ ፊት ሥሩ እላለሁ። መጀመሪያ በየባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ የሚያርፈውን ድምፅ ጻፉ። ቀጥሎ ወደ እርሱ የሚያደርሰውን አራተኛውን ምት ጻፉ። መካከለኞቹ ሁለት ምቶች ከዚያ በኋላ ራሳቸው መንገዳቸውን ያገኛሉ፤ በኮርዱ ድምፆች ወይም በደረጃ እየተራመዳችሁ ትሞሏቸዋላችሁ።

አሁን አንድ እርምጃ እንጨምር። እስካሁን ያረፍነው ሁልጊዜ በመነሻ ድምፅ ላይ ነው። በሦስተኛው ድምፅ ላይ ብናርፍስ? የሶል 7 ሦስተኛ ሲ ነው፤ የዶ ሜጀር 7 ሦስተኛ ሚ ነው። መስመሩ እንዲህ ይሆናል። በሬ ባር፦ ሬ፣ ዶ፣ ላ፣ ሲ ፍላት። በሶል ባር፦ ሲ፣ ሬ፣ ሶል፣ ፋ። በዶ ባር፦ ሚ፣ ሬ፣ ዶ፣ ሶል።

(በቤዝ ጊታርና በፒያኖ ይሰማል።)

ኮርዶቹ አልተለወጡም፤ ስሜቱ ግን ተለውጧል። የመጨረሻው ዶ ሲጠበቅ የነበረው በባሩ መጀመሪያ ነው፤ እኛ ግን ሚን ሰጥተን ዶን ወደ ሦስተኛው ምት አዘገየነው። ማረፊያው መጣ፤ ግን በሩን ወዲያው አልዘጋውም። አንድ ዘፋኝ ቃሉን ገና ካልጨረሰ፣ ወይም ሶሎ የሚጫወተው ሰው ትንፋሹን ካልቋጨ፣ በዚህ ቦታ ዶን መምታት ነገሩን በሰው አፍ ላይ መዝጋት ነው። ሚ ግን ይቀጥል ዘንድ ይፈቅድለታል።

ይህ ዋጋ ያስከፍላል። ቤዙ በየባሩ በሦስተኛ ድምፅ ላይ ካረፈ አድማጩ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚጫወተውም ሰው ይጠፋል። የእኔ ልማድ የዘፈኑን ዙር መጀመሪያ ስጫወት መነሻ ድምፆችን በግልጽ መናገር ነው። መሬቱ የት እንዳለ ሁሉም ካወቀ በኋላ በሁለተኛው ዙር እግሬን ማንሳት እጀምራለሁ።

ከታሪኩ ጥቂት ብቻ ልጥቀስ። በአንድ ምት አንድ ድምፅ እየተራመደ የሚሄደው ዎኪንግ ቤዝ በ1930ዎቹ መልክ ከያዘባቸው ቦታዎች አንዱ የካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ነው፤ ኮንትራባሱን የያዘው ዋልተር ፔጅ ነበር። ጂሚ ብላንተን በ1939 ወደ ዱክ ኤሊንግተን ባንድ ገብቶ በ1942 በ23 ዓመቱ ሞተ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ቤዝ ዜማ መናገር እንደሚችል አሳየ። ሐሳቡ ግን ከጃዝ ይቀድማል። ሄንሪ ፐርሰል በ17ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በጻፈው «ዳይዶና ኤኒያስ» ኦፔራ ውስጥ የንግሥቲቱ ሙሾ የቆመው በአንድ ተደጋጋሚ የቤዝ መስመር ላይ ነው፤ መስመሩ ከሶል ተነሥቶ በፋ ሻርፕ፣ በፋ፣ በሚ፣ በሚ ፍላት እያለ በግማሽ ድምፅ እስከ ሬ ይወርዳል። ዘፋኟ ሐረጓን ስትጨርስ ቤዙ ሁልጊዜ አብሯት አይጨርስም፤ የሐዘኑ ማባሪያ ማጣት የሚሰማው ከዚህ አለመገጣጠም ነው።

እስካሁን ኮርድ በየባሩ ይለወጥ ነበር። ኮርዱ ለብዙ ባሮች ሳይለወጥ ሲቆይስ? የፋ ብሉዝን የመጀመሪያ አራት ባሮች አስቡ፤ አራቱም ፋ 7 ናቸው፣ በአምስተኛው ሲ ፍላት 7 ይመጣል። እዚህ መድረሻው ሩቅ ስለሆነ መንገዱም ረጅም መሆን አለበት። ከታችኛው ፋ ተነሥቼ በሁለት ባር ስምንት ድምፅ እወጣለሁ፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሚ። በሦስተኛው ባር ላይ የላይኛው ፋ ይጠብቀኛል፤ እዚያው ከፍታ ላይ ጥቂት እዘገያለሁ። በአራተኛው ባር ሚ ፍላት፣ ሬ፣ ዶ፣ ሲ እያልሁ እወርድና ሲ ፍላት ላይ አርፋለሁ።

(በቤዝ ጊታር ይሰማል።)

ኮርዱ ቆሞ ሳለ እንቅስቃሴ የፈጠረው ቤዙ ነው። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ባሳተመው «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ውስጥ «ሶ ዋት» የተባለው ሥራ ይህንኑ ወደ ጫፍ ይወስደዋል። ከ32 ባሮቹ የመጀመሪያዎቹ 16 በሬ ላይ፣ ተከታዮቹ 8 በሚ ፍላት ላይ፣ የመጨረሻዎቹ 8 እንደገና በሬ ላይ ናቸው። ዋናውን ዜማ የሚያሰማው ፖል ቻምበርስ በኮንትራባሱ ነው፤ በሶሎዎቹ ሥር ሲራመድ ደግሞ 16 ባር በአንድ ቀለም ላይ ሳይሰለች መሄድን ያስተምራል።

በአንድ ቀለም ላይ ረጅም መቆየት ለእኛ ባዕድ አይደለም። አሁን ወደ ቅኝቶቻችን ልግባ። በባህላዊ መሣሪያ የሚቃኘው ድምፅ ከፒያኖ ጋር በልኩ ላይገጥም እንደሚችል ታውቃላችሁ፤ እኔ የምናገረው በዘመናዊ ባንድ ስለምንጽፈው ቅኝት ነው። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ከዶ ሲነሡ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ከእነዚህ አምስት ድምፆች ብቻ ስንት መደበኛ ሦስት ድምፅ ኮርድ ይወጣል? ሁለት ብቻ፤ ዶ ሚ ሶል እና ላ ዶ ሚ። ፋ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ ፋ ላይ የሚሠራው ኮርድ መነሻውን ከውጭ ያመጣል። የሶል 7 ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው፤ ማለትም ትዝታ የተዋቸውን ሁለቱን ድምፆች፣ ሲንና ፋን፣ በአንድ ጊዜ ይዞ ይገባል።

ቅድም ያመሰገንነው አድራሽ ድምፅም እዚህ ፈተና ይገጥመዋል። በትዝታ ሜጀር ውስጥ በአጎራባች ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ወይ ሙሉ ድምፅ ወይ አንድ ተኩል ድምፅ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ፈጽሞ የለም። ስለዚህ ወደ ዶ በሲ ወይም በሬ ፍላት የሚያደርስ ቤዝ ሁልጊዜ ከቅኝቱ ይወጣል። ከላይ ዘፋኙ ትዝታ ይላል፤ ከታች ቤዙ ሌላ ሀገር ይናገራል። ተሰብሳቢው ምክንያቱን ባያውቀውም አንድ ነገር እንደተነካበት ይሰማዋል። የዚህ ሁሉ ሥልጣን ያለው በአንድ አራተኛ ምት ላይ ባለች አንዲት ጣት ነው።

ታዲያ ቤዙ ዶንና አምስተኛውን እየደጋገመ ይቀመጥ? አይደለም። ቅኝቱ የራሱ አድራሽ ድምፆች አሉት። በትዝታ ሜጀር ወደ ዶ ከላይ የሚያደርሰው ሬ ነው፤ ከታች የሚያደርሰው ላ ነው። ከላ ወደ ዶ ያለው አንድ ተኩል ድምፅ ዝላይ ለምዕራቡ ጆሮ ደካማ መድረሻ ነው፤ ለትዝታ ግን የገዛ ራሱ በር ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል በዶ ኮርድ ላይ፤ ላ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ በላ ማይነር ላይ፤ ከዚያ ዶ።

(በቤዝ ጊታርና በፒያኖ ይሰማል።)

መስመሩ ይሄዳል፣ ይደርሳል፣ ከቅኝቱም አልወጣም።

ሌሎቹን ቅኝቶች ስትመረምሩ እያንዳንዱ የተለየ በር እንዳለው ታገኛላችሁ፤ ለእኔ ከዚህ ጥናት እጅግ ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እዚህ ሬ ፍላት ወደ ዶ፣ ላ ፍላት ወደ ሶል በግማሽ ድምፅ ከላይ ይወርዳሉ። ቅድም በጃዝ ምሳሌ ሬ ፍላት ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበረ፤ በአምባሰል የቤት ልጅ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ስለዚህ ሲ ወደ ዶ፣ ሚ ወደ ፋ ከታች ወደ ላይ ያደርሳሉ። በአምባሰል ወርደን የምንገባበት ቤት በባቲ ወጥተን የምንገባበት ነው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲሆን ከዶ ጋር የሚቆም ንጹሕ አምስተኛ የለውም፤ መነሻና አምስተኛ እያለ በልማድ የሚጫወት ቤዝ በዚህ ቅኝት የመጀመሪያው ባር ላይ ይወድቃል። እዚያ አምስተኛውን ትቶ ሬ ፍላትና ዶን፣ ሶል ፍላትና ፋን እያፈራረቁ መሥራት ይሻላል።

ስለ ምት ያልሁት ጥቂት ነው፤ ግን ሳልጠቅሰው አላልፍም። ኮርዱ ሁለት ብቻ ሲሆን መስመሩን ሕያው የሚያደርገው ድምፁ የሚወድቅበት ጊዜ ነው። በዲትሮይት የሞታውን ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጄመርሰን በኮንትራባስ አድጎ ወደ ቤዝ ጊታር የመጣ ነበረ፤ የቀኝ እጁን አንድ ጣት ብቻ ይጠቀም ነበር። በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ አድምጡት፤ ማሰሪያው ከሚጠበቅበት ምት ጥቂት ቀደም ብሎ ሲያርፍ፣ አንዳንዴም ዝም ሲል ትሰማላችሁ። በእኛ ስድስት ስምንተኛ ችክችካ ውስጥም ይህ ይቻላል። ቤዝ ብዙ ጊዜ በ1 እና በ4 ላይ ይመታል። በ1፣ በ3 እና በ5 ላይ ብታስቀምጡት ያው ስድስት ምት ሁለት የነበረው ሦስት ይሆናል። የሚቀጥለውን ባር ድምፅ በ6 ላይ አስቀድማችሁ ብትመቱትና ብትይዙት ደግሞ ከበሮው ብቻውን 1ን ይመታል፤ እናንተ ቀድማችሁ ደርሳችኋል። በቦስተን በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ የጃዝን ሃርመኒ ከቅኝት ጋር ሲያገናኝ በብዙ ሥራዎቹ አጭርና ተደጋጋሚ የቤዝ ሐረግ መጠቀሙን በዚህ ዓይን እንድታደምጡ እጋብዛለሁ።

ጥያቄ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።

(ከተሳታፊ የቀረበ ጥያቄ፦ በትዝታ ላይ ፋ ወይም ሶል ላይ የተሠራ ኮርድ መጠቀም ስሕተት ነው ማለትዎ ነውን? ብዙ ታዋቂ ቅንብሮች ይጠቀሙበታል።)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ስሕተት አላልሁም፤ እኔም አቀናብሬበታለሁ። የምለው ቦታው የት ይሁን የሚለውን ነው። አስቀድመን እንደሰማነው የኮርዱን ትርጉም የሚሸከመው የታችኛው ድምፅ ነው። የፋ ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው። ከሦስቱ ከቅኝቱ የወጣው ፋ ብቻ ነው። ቤዙ ፋን ከያዘ እንግዳው ድምፅ ጎልቶ በሚሰማበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ቤዙ ላን ወይም ዶን ከያዘና ፋን ለፒያኖው የላይኛው ክፍል ከተወለት ግን ኮርዱ ቀለሙን ይሰጣል፤ ከሥር ያለው መስመር ግን ትዝታ እንደሆነ ይቀጥላል። በሶል ኮርድም እንዲሁ ነው፤ ሶልና ሬ የቅኝቱ ናቸው፣ ሲ ላይ ትቀመጥ። ቅንብሩን ሳትለውጡ፣ ከቤዙ ሁለት ኖታ ብቻ አንሥታችሁ ልዩነቱን መስማት ትችላላችሁ። ባልደረባዬ ዶ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዶ ይያዝልን። መጀመሪያ መነሻ ድምፆችን እጫወታለሁ፤ ቀጥሎ ዶ፣ ላ፣ ሬ፣ ዶ።

(በፒያኖና በቤዝ ጊታር ሁለቱም በተከታታይ ይሰማሉ።)